የአርዋ ሁለት እጅጌዎች

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታለም ፈይዛ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም። «ከናፍቆትሽ በቀር» የምትለዋን እናታችን እቴቴ ናቸው ያስጻፉኝ። እኔማ የጎደለኝን ልዘርዝር ብል ወረቀቱ ከጫማዬ ቀዳዳ አያልፍም።

በስልክ ብናወራ ጥሩ ነበር። ግን ኔትወርኩ ደስ ሲለው ይመጣል፤ መጥቶም «ሃሎ፣ ይሰማል?» ተባብለን ሳንጨርስ ይሄዳል። ስለዚህ ታደለን ለመንኩት። እሱ በሚኒባሱ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ ከዚያ የሠፈራችን ልጅ ኡምኩልሱም ከፈቃዷ ስትመለስ ይዛልሽ ትሻገራለች። መንገድ ላይ ከፍታ እንዳታነብ በፖስታው ጀርባ «የከፈተ እጁ ይድረቅ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አንቺን አይመለከትም፤ ክፈቺው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቁም ነገር እኔ ዘንድ ብዙ ስለማይቆይ ቶሎ ልበል። ለዒድ የላክሽው የአርዋ ቀሚስ ደርሷል። ልጅሽ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷን አስገብተንበት ለሁለት ጎረቤት ቦታ ተረፈ። የአምናው ደግሞ፣ ትዝ ካለሽ፣ በትከሻዋ አልወርድ ብሎ ለጎረቤታችን ለፈንታዬ ሕፃን ነው የሰጠነው። እቴቴ «ታድግበታለች» ብለው ሳጥን ሊከቱት ሲሉ እኔ ነጥቄ፣ አርዋን ላስቃት ብዬ፣ ራሴ ለበስኩትና በግቢው ተንጎራደድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ምን አለች መሰለሽ?

«ይሄ የኔ አይደለም። እዚያ ሌላ ልጅ አለቻት፤ የእሷን ነው የምትልክልኝ።»

እቴቴ «አስተግፊሩላህ በይ!» ብለው ተቆጧት። እኔ ቀሚሱን እንደለበስኩ መሀል ግቢ ተገትሬ ቀረሁ። ልጻፍልሽ አልጻፍልሽ ስል ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

አላህ በደኅና ያገናኘን።

ወንድምሽ ኸባብ

(የጫማዬ ቁጥር 42 ነው። ይሄ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል ነው።)


ጅዳ፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኸባብ፣ መካነ ሰላም።

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቃችሁ። የእቴቴን ጉልበት ሳምልኝ። አርዋን ግን አትሳምልኝ፤ የኔን ድርሻ እኔው እስክመጣ ይቀመጥልኝ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት መታጠቢያ ቤት ቆሜ ነው፤ በሩ የሚቆለፈው እሱ ብቻ ስለሆነ። ስለ ሌላ ልጅ ያለችውን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። አልተቆጣኋትም። እውነቷን ነው። ሱቅ ገብቼ «የስድስት ዓመት» ስላቸው የዚህን አገር ስድስት ዓመት ይሰጡኛል። ጥዬአት ስሄድ ዓመት ከመንፈቋ ነበር፤ ከትከሻዬ እስከ ጭኔ ትተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን እጄ አያውቀውም።

ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። ለሚመጣው የረመዳን ዒድ ከሱቅ አልገዛም። በእጄ እሠራላታለሁ፤ ወገቧ ላይ ሰብሰብ፣ ደረቷ ላይ ሰፋ ያለ፣ ሌላ ልጅ ልልበስህ ብትለው እንቢ የሚል። የማስታምማቸው ሐጃ ከምሳ በኋላ ያሸልባሉ። እሳቸው አጠገብ ስልክ ማናገርም ቴሌቪዥን መክፈትም አይቻልም። ክር ግን ድምፅ የለውም። መርፌውንም ክሩንም ገዝቻለሁ፤ ሰማያዊ ነው።

አንተ ኮፍያ የምትሠራበትን ኪሮሽ አስተምረኝ። አሠራሩን እጄ አልረሳውም፤ ልጅ ሆነን የሬዲዮ ልብስ እንሠራ አልነበር? የሬዲዮ ልብስ ግን ቀጥ ብሎ ያልቃል፤ ሬዲዮ ወገብ የለውም። ላሰፋው ስሞክር ጫፉ እንደ ጎመን ቅጠል እየተጨማደደ አስቸገረኝ። የት የት ላይ ነው የሚጨመረው? ስንት ስንት? እሷንም በደንብ ለክተህ ላክልኝ።

የምትወድህ እህትህ ፈይዛ

(ጫማውን ሰምቻለሁ።)


መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተማሪዬ ለፈይዛ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዛሬ መምህርሽ ነኝና ደብዳቤውን ቁጭ ብለሽ ከሆነ የምታነቢው ተነሺ። ተነሣሽ? ተቀመጪ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህሩ «አንተ ማካፈል ሳታውቅ ትሸመግላለህ» ብሎ አስወጥቶኝ ነበር፤ እኔም ሳልመለስ ቀረሁ። ማካፈልን ያስተማረኝ ኮፍያ ነው። እሱንም ከደረሶቹ ጋር ቁርኣን ስቀራ የተማርኩት ነው፤ የተባረርኩትም በኮፍያው ነው። አምስት ደረሳ በቀትር ሲያንቀላፉ ኮፍያቸውን እርስ በርሱ በክር አያያዝኩት። ሸኻችን ሲገቡ አንዱ ብድግ አለ፣ አምስቱም ኮፍያ ተከትሎት ተነሣ። ሸኻችን ራሳቸው ፊታቸውን አዙረው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ፤ ስቀው ሲጨርሱ አባረሩኝ።

ወደ ትምህርቱ። ዓይን የምልሽ መርፌዋ የምትገባበትን ቀዳዳ ነው። መጨመር ማለት በአንድ ዓይን ሁለቴ መሥራት ነው። ኮፍያ በስድስት ዓይን ይጀመራል። ሁለተኛው ዙር አሥራ ሁለት፣ ሦስተኛው አሥራ ስምንት፤ በየዙሩ ስድስት ስድስት ስትጨምሪ አናቱ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይሄዳል። መጨመሩን ስታቆሚ ጎኑ ወደ ታች ይወርዳል። ስታበዢው ያው ያንቺ ጎመን ይወጣል። ሁሉን አንድ ቦታ ከጨመርሽው ይጨማደዳል፤ በርቀት በርቀት ከበተንሽው ማንም ሳያየው ይሰፋል። እኔ ከእቴቴ ስኳር የምወስደው እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ሥሪና አሥር ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን፣ ስንት ረድፍ እንደገባ ቁጠሪ። በስንዝር እንዳትለኪ፤ ሰው አገር የከረመ ስንዝር አይታመንም። በኔ እጅ ሃያ ዓይን፣ ሃያ ረድፍ ይወጣል። ያንቺም ከዚያ ካልራቀ በዚሁ እንሂድ።

የአርዋ ልክ ግን መከራዬን አሳየኝ። ክር ይዤ ስጠጋት እቴቴ ከጓዳ ጮኹ። «በቁሟ ያለችን ልጅ በክር! በክር የሚለካ ከፈን የሚጠብቅ ነው፣ አንተ መዓተኛ!» ክሩን ከእጄ ነጥቀው ምድጃ ውስጥ ጣሉት። ምን ይደረግ? ከሰዓት አርዋን «ነይ ፈረስ እንጫወት» አልኳት። ፈረሷ እሷ፣ ባለ ፈረሱ እኔ። መጫኛ ነው ብዬ በወገቧ ክር አዞርኩና ቋጠርኩ፤ ልጓም ነው ብዬ በደረቷ አዞርኩና ቋጠርኩ። እቴቴ ብቅ ብለው «ምንድን ነው የምታስርባት?» ሲሉኝ «ኮርቻ ነው እቴቴ፣ ደጎሎ ልንሄድ ነው» አልኳቸው። «ስትመለስ ገብስ ይዘህ ና» ብለውኝ ገቡ።

ወገቧ 52፣ ደረቷ 58፣ ከወገቧ እስከ ብብቷ 14። እንዳይጨንቃት በወገቧም በደረቷም አራት አራት ለትንፋሽ ጨምሪ። ወገቡ 56 ይሆናል፣ 112 ዓይን። ደረቱ 62 ይሆናል፣ 124 ዓይን። በመካከላቸው ያለው 12 ነው። በአንድ ዙር በቀኝ ጎን ሁለት፣ በግራ ጎን ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ትጨምሪያለሽ፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። 14 ሴንቲ ሜትር 28 ረድፍ ነው። 28 ለሦስት ሲካፈል ዘጠኝ ዘጠኝ ደርሶ አንድ ይተርፋል። በየዘጠኝ ረድፉ ጨምሪ፤ የተረፈችውን አንዷን ረድፍ ለመምህርሽ ዱዓ እያደረግሽ ሥሪያት። ከወገብ በታች እንደልብሽ አስፊው፤ ልጅ ትሮጣለች።

እጅጌ አያስፈልገውም። ክፍት ይሁን፤ ዘንድሮ ፋሽኑ እሱ ነው።

መምህርሽ ኸባብ


ጅዳ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለኸባብ፣ መካነ ሰላም።

ወዓለይኩሙ ሰላም። ሳቅ አይለይህ፣ አንተ ሰይጣን። አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሐጃ ነቅተው «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። ወንድሜ ኮፍያ አያይዞ ከቁርኣን ቤት ተባረረ ማለትን በዓረብኛ አላውቀውም።

መጀመሪያ አበላሸሁት። ሦስቱን መጨመሪያ ላይ በላይ፣ በተከታታይ ረድፍ ሠራኋቸውና ደረት በምጠብቅበት ቦታ መደርደሪያ ወጣላት። ተረተርኩት። ሁለተኛውን እንዳልከኝ በየዘጠኙ አደረግሁት። ወላሂ የት ላይ እንደጨመርኩት እኔው ራሴ ፈልጌ አጣሁት። ዝም ብሎ ይሰፋል፤ ሰው ሳያየው እንደሚያድግ ልጅ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ገላውን ስጨርስ ለትራስ አለበስኩት። ትራሱን በልኳ አስሬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እጄን በወገቡ ሳዞር እዚህ ድረስ ናት ማለት ነው አልኩ። ሐጃ ከአልጋቸው ያዩኝ ነበር ለካ።

«ለማን ነው?»

«ለልጄ።»

«ልጅ አለሽ እንዴ?»

አራት ዓመት ሙሉ ገላቸውን ሳጥብ፣ ስመግብ፣ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ «የልጅሽ ልብስ የት ደረሰ?» ይሉኛል።

አሁን እጅጌ አትሥሪ ያልከው ምን ማለትህ ነው? የመካነ ሰላም ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል። ደግሞስ የአባታችን የልጅ ልጅ ክንዷን ገልጣ ለዒድ ሶላት ልትወጣ ነው? መንደሩን ሁሉ ቁርኣን ያቀሩት ሰውዬ ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ መልሱን በአለንጋ ነበር የሚሰጡህ። ፋሽንህን እዚያው። የእጆቿን ልክ ላክልኝ፤ አንጓዋን፣ የላይ ክንዷን፣ ርዝመቱን። ፎቶም ላክ። ፊቷን ሳላይ አንገቱን አልዘጋውም።

እህትህ ፈይዛ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ፈይዛ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ስለደረሰኝ ነው ዘግይቼ የጻፍኩት። ይሄ ውሸት ነው፤ በጊዜው ደርሶኛል። ታደለ መኪናው ተበላሽቶበት ነበር። ይሄም ውሸት ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የሚሻልሽን ምረጪ።

ወሬ ልንገርሽ። ክረምቱ ገብሱን አልጎዳውም። የእቴቴ ጉልበት ያው ነው፤ ሲቀመጡ ይጮሃል፣ ሲነሡ ይጮሃል፤ አንድ ቀን እኔ ከኋላቸው «አቤት!» ብልለት በከዘራ ሳቱኝ። የገበያ ቀን ከአንድ የከላላ ሰውዬ ጋር ተጣላሁ። ኮፍያ ገዝቶ በሳምንቱ «ጠበበኝ» ብሎ መጣ። «ኮፍያው ያው ነው፣ በሳምንት ውስጥ ዕውቀትህ ጨምሮ ይሆናል» ብለው ደስ ብሎት ይዞት ሄደ።

እሺ፣ እጅጌው። ቀኝ እጇን «ጡንቻሽን አሳዪኝ» ብዬ ለካኋት። አንጓዋ 13፣ የላይ ክንዷ 19፣ ከአንጓዋ እስከ ብብቷ 28። ሁለት ሁለት ለትንፋሽ። በ30 ዓይን ጀምረሽ 42 ላይ ትደርሻለሽ። የሚጨመረው 12፤ እጅጌ ስፌቱ አንድ ስለሆነ በአንዴ ሁለት ሁለት፣ ስድስት ጊዜ። ርዝመቱ 56 ረድፍ ነው፤ ለስድስት ሲካፈል አሁንም በየዘጠኙ፣ ሁለት ይተርፋል። ለሁለቱም ይሄንኑ ሥሪ። አላህ እጅን ጥንድ አድርጎ ነው የፈጠረው፤ አንዱን የለካ ሁለቱን ለካ።

ሦስት ፎቶ ልኬያለሁ። ከአንደኛው ላይ እኔም አለሁበት፤ መልኬን አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ አድጌ ነው።

ኸባብ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኸባብ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቀኝ እጅጌውን ጨርሻለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ገና ክሩን ሳልበጥስ እጄን ላስገባበት ብል ሦስት ጣቴ ብቻ ገባ። በሦስት ጣቴ ያዝኳት ማለት ነው።

ከዚያ ፎቶዎቹን ደረደርኳቸው። ፊቷን አየሁ፤ አፍንጫዋ የአባታችን ነው። ቁመቷን ከበሩ ጋር አስተያየሁ። ሁሉንም አየሁ። ግራ እጇን ግን አላየሁትም። በመጀመሪያው ፎቶ በሩ ጀርባ ነው። በሁለተኛው አንተ ጀርባ ነው። በሦስተኛው ሻርፗ ሥር ነው። ሐጃ መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉልኝ፤ እሳቸውም አላገኙትም።

እጅጌ አትሥሪ አልክ። እጇን ለካ ስልህ ሁለት ወር ጠፋህ። ስትመለስ የላክህልኝ አንዱን ነው።

ቀልድ አትጻፍልኝ። እጇ አለ ወይስ የለም?

ፈይዛ


መካነ ሰላም፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አለ። እጇ አለ። ሌላውን ሳታነቢ ይሄን አንብቢ ብዬ ነው ሰላምታውን ከዚህ በኋላ ያደረግሁት።

አሰላሙ ዓለይኩም እታለም። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እየጻፍኩ ነው።

አምና በኅዳር፣ የገበያ ቀን፣ የጎረቤታችን የየኋላሸት በቅሎ ደጃችን ታስራ ነበር። አርዋ «አውጣኝ» አለችኝ። አወጣኋት። ልጓሙን የኋላሸት ይዞ ቀስ ብሎ ይጎትታል፤ እሷ እንደ ንግሥት ትቀመጣለች። እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ ኮፍያ እየሠራሁ። ትንሽ ብትፈጥን አርዋ የምትስቅ መሰለኝ። በመርፌዬ በቅሎዋን ነካ አደረግኋት። ነካ ብቻ ነው ያደረግኋት ብዬ ለራሴ ስንቴ እንደነገርኩት አልቆጥርልሽም። በቅሎዋ ዘለለች። አርዋ በግራ ክርኗ ድንጋይ ላይ ወደቀች።

ዋለ የሚባለው ወጌሻ አሰረላት። አርባ ቀን ታስራ ከረመች። ዋለ የሚችለውን አድርጓል፤ ስብራቱ ክርኑ ላይ ስለነበር እጇ ተዘርግቶ አልመለስም አለ። ጎበጥ ብሎ ቀረ። እየቀጠነም ሄደ። ትጽፍበታለች፣ ትይዝበታለች፤ ግን ሰው ፊት በሻርፗ ትሸፍነዋለች። የምትለብሰው ሁሉ በግራዋ በኩል ስለሚንጠለጠልባት እጅጌውን ትጠቀልለዋለች።

እቴቴ «ሰው አገር ያለች እናት ሰምታ ምን ታደርገዋለች? እንዳትነግራት» አሉ። እኔም በሳቸው ተሸሸግሁ። ሳይከለክሉኝም አልነግርሽም ነበር። ፈርቼሽ ነው።

ደብዳቤሽን ለእቴቴ አነበብኩላቸው። «ወይስ የለም?» ያልሽው ላይ ስደርስ «በቃ» አሉኝ። አርዋ ከቁርኣን መልስ በቀትር ተኝታ ነበር። እቴቴ ተነሥተው ከኮፍያ ክሬ አንድ ክንድ ያህል ራሳቸው በጠሱ። «ሳትነቃ። ብትነቃ ታፍራለች» አሉ። የክሩን አንዱን ጫፍ ብብቷ ጋ እሳቸው ያዙ፤ ሌላውን እኔ ወደ አንጓዋ ወሰድኩ። የተኛችን ልጅ በክር እየለኩ «ያረቢ ለዕድሜዋ አድርግላት፣ ለዕድሜዋ አድርግላት» ይላሉ። ቋጠሮውን ያሰርኩት ሁለቴ ተሳስቼ ነው።

አንጓዋ 13 ነው፣ እንደ ቀኙ። የላይ ክንዷ 16። ክርኗ ስለታጠፈ በውጪ በኩል 26፣ በውስጥ በኩል 23። ይሄ እንዴት እንደሚሰላ አላውቅም። ኮፍያ ክርን የለውም።

አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። ካላልሽኝም አልቀየምም።

ኸባብ


ጅዳ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኸባብ፣ መካነ ሰላም።

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ለሁላችሁም የተባረከ ጾም ያድርግላችሁ። እቴቴ ጤናቸው ካልፈቀደ አይጹሙ በልልኝ፤ እንደማይሰሙህ አውቃለሁ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ አሥራ ስድስት ቀን መርፌ አልያዝኩም። ስምህንም ልጽፍ ብል እጄ እንቢ አለኝ። ሐጃ «የልጅሽ ልብስ የት ደረሰ?» ሲሉኝ «ቆሟል» እላቸው ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ብርድ ነበርና የሱፍ ካልሲያቸውን ሳለብሳቸው ተረከዙ ላይ ዓይኔ ቀረ። ካልሲ ይታጠፋል። ጨርቁ ሳይጨማደድ፣ ሳይሳብ፣ እግር በሚታጠፍበት ቦታ ይታጠፋል። አወለቅሁትና ረድፉን ቆጠርኩት። በውጪ በኩል የሚበዛ ረድፍ አለ፤ በውስጥ በኩል የለም። ሐጃ አንድ እግራቸው ባዶውን እስክጨርስ ታገሡኝ።

ስሌቱን ልጻፍልህ፤ ይሄን ካንተ አልተማርኩትም። አንጓው 30 ዓይን፣ ላይኛው 36። የሚጨመረው ስድስት ነው፤ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። የውስጡ 23 ሴንቲ ሜትር 46 ረድፍ ነው። 46 ለሦስት፣ በየአሥራ አምስቱ፣ አንድ ይተርፋል። ክርኑ ጋ ስደርስ በውጪ በኩል ብቻ እስከ ግማሽ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ደግሜ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ስድስት ረድፍ፣ የጎደለው ሦስት ሴንቲ ሜትር። ውስጡ ባለበት ይጠብቀኛል። ከዚያ ዙሩን እቀጥላለሁ። ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ራሱ ጎበጥ ብሎ ተኛ።

ቀኙን በሦስት ቀን ጨርሼው ነበር። ግራውን አሥራ ሁለት ቀን ሠራሁት። ቁጥሩ ከብዶኝ አይደለም። ሁለት ረድፍ እሠራለሁ፣ አንድ ረድፍ እፈታለሁ። ሲያልቅ የእሷ የምይዘው ነገር አይኖረኝም ብዬ ነው።

አውፍ ብዬሃለሁ ብልህ እዋሻለሁ። አውፍ የምልህ እጇን በእጄ ይዤ ነው። አንተም እስከዚያ ጠብቅ። እኔም እየጠበቅሁ ነው። ለዒድ እመጣለሁ ብዬ ለእቴቴ የላክሁት ቃል አልሆነም። የሐጃ ልጆች ፓስፖርቴን ስጠይቃቸው «ከዒድ በኋላ» ይሉኛል። አምናም «ከዒድ በኋላ» ብለውኝ ነበር።

ልብሱን ወደ አዲስ አበባ በሚሻገር ሰው ልኬዋለሁ፤ ታደለ ይረከበዋል። ስትለብሰው ምን እንዳለች ጻፍልኝ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

ፈይዛ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ፈይዛ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒድ ሙባረክ። እቴቴ ሃያ ዘጠኙንም ቀን ጾመዋል፤ መልእክትሽን ስነግራቸው «ለራሷ ትጨነቅ» አሉኝ።

ጥቅሉ ለዒድ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ። እኔ ጫማውን ከሥር አግኝቼ ልጫማው አልቸኮልኩም። ልብሱን ለአርዋ አንጥፌ ሳሳያት ከሩቅ ሆና አየችው።

«ከሱቅ ነው?»

«እናትሽ ናት የሠራችው፣ በእጇ።»

«ለማን?»

«ልበሺውና እዪው።»

በዒድ ጠዋት እቴቴ አጥበው ቅባት ቀቧት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሦስት ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ቢጠባት የምለው፣ ቢሰፋት የምለው፣ ብታለቅስ የምለው። ቀኝ እጇን አስገባች። ወገቡ ወገቧ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እንደ ልማዷ ግራውን ልትጠቀልል ጫፉን ያዘች። የሚጠቀለል አልነበረውም። እጇን ሰደደችው። ሳይሳብ፣ ሳይያዝ፣ እስከ አንጓዋ ሄደ። ጎበጥ የሚለው ክርኗ በሚጎብጥበት ቦታ ጎበጥ አለ። ሻርፗ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሣችውም። በሩ ጋ መጥታ ክርኗን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ በቀኝ እጇ ደባበሰችው፤ ደግማ አዞረችው።

ሦስቱም ቀልድ ጠፋብኝ።

ሳትጨምር ሳትቀንስ ብለሻል። ያለችው ይሄ ነው፦

«መቼ አየችኝ?»

እቴቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ «ለክተን እኮ ነው የላክንላት፣ ተኝተሽ ሳለ በክር» ልላት ነበር። እቴቴ ሳያዩኝ በእጃቸው ከለከሉኝ።

ወደ ሶላቱ ሜዳ ስንወጣ ሻርፗን ረስታ ነው የወጣችው። ሁለቱንም እጇን እያወዛወዘች ነበር የምትሄደው። የፈንታዬ ትልቋ ልጅ «ማን ገዛልሽ?» ስትላት «አልተገዛም» አለቻት፣ ሌላ አልጨመረችም። ስንመለስ ደግማ ጠየቀችኝ። ትናንትም ጠየቀችኝ። ዛሬ ይሄን ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ «ጻፍክላት? መቼ እንዳየችኝ ጠየቅሃት?» ትለኛለች።

ጠይቄሻለሁ። መልሱን ግን እንዳትጽፊልኝ። ደብዳቤሽን የማነብላት እኔ ነኝ፤ ከኔ አፍ የወጣ ነገር ሁሉ ቀልድ ይመስላታል። አንቺው መጥተሽ ንገሪያት።

ወንድምሽ ኸባብ